የመኪና ጥገና ትምህርት ያዋጣል? ከጎንደር ልጆች ለመጡ ጥያቄዎች የሰጠሁት መልስ

ጎንደር ውስጥ ጋራዥ ከገባሁ 16 ዓመት ሆነኝ። በረዳትነት ጀመርኩ፤ ኋላ ማታ ማታ እየተማርኩ ደረጃ 3 ደረስኩ። ሁለቱንም መንገድ ስላየሁት ነው ጠይቁኝ ያልኩት።

12ኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። የግል ኮሌጅ አውቶሞቲቭ ልማር ወይስ ቀጥታ ጋራዥ ልግባ?

ወንድም ዓለም፣ እስኪ ወረቀት አውጣና አብረን እናስላው። ሰው ሁሉ የሚያየው የወር ክፍያውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ የምዘናውን ክፍያ፣ ቱታውን፣ የየቀኑን ታክሲ ጨምር። ከገጠር የመጣህ ከሆንክ የቤት ኪራይና ቀለብም አለ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ደረሰኝ የማይቆረጥለት ወጪ ነው፤ ስትማር ሳትሠራ የምታሳልፈው ጊዜ። ያን ጊዜ የቀን ሥራ ብትሠራ ስንት ታገኝ ነበር? እሱንም ጻፈው።

ጋራዥም ቢሆን በነፃ አያስተምርም። ረዳት መጀመሪያ ላይ የሚያገኘው የምሳ ብር ነው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ዕቃ በናፍጣ ሳጥብ ነው የከረምኩት። ቴስታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ሲከፈት ያየሁት ከጌታዬ ትከሻ ኋላ ቆሜ ነው፤ ለምን እንደተከፈተ ግን የነገረኝ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክን ሞክር፤ ወጪው ከግሉ በጣም ይቀላል። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ደግሞ ጋራዥ ተጠጋ። የግሉን የምትመርጠው ወርክሾፑን በዓይንህ አይተህ ከወደድከው ብቻ ነው።

ኮሌጁ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ብር ከመክፈልህ በፊት የወርክሾፑን በር አስከፍት። «ቁልፉን የያዘው ሰው የለም» ካሉህ ሌላ ቀን ተመለስ። ሁለተኛም ከሌለ ተወው።

ከገባህ ሞተሮቹን ጠጋ ብለህ እይ። አንድ ቦታ ለልምምድ የተቀመጠ ሞተር አየሁ፤ በሰማያዊና በቀይ ቀለም አምሮ ተቀብቷል። የብሎኖቹን ራስ ስመለከት ቀለሙ ምንም አልተላጠም። ቁልፍ ነክቶት አያውቅም ማለት ነው! ልጆቹ ግን ለዚያ እየከፈሉ ነበር። እስካሁን ያናድደኛል። ጥሩ ወርክሾፕ ውስጥ የብሎኑ ራስ የተፋቀ፣ ጠረጴዛው ዘይት የጠጣ ነው። አንድ ሞተር ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ፣ ተነስቶ እንደሚሠራም ጠይቅ። ለትብብር ሥልጠና የት ጋራዥ እንደሚልኩም ጠይቅና ጋራዡ ድረስ ሄደህ አረጋግጥ።

ልጄ ከ8ኛ ክፍል አቋርጦ ጋራዥ 4 ዓመት ሠርቷል። ወረቀት ግን የለውም። እንደ አዲስ ላስተምረው?

እናቴ፣ ገንዘብዎን አያውጡ፤ ከዜሮ መጀመር የለበትም። በሥራ ላይ ሙያ የለመደ ሰው ለብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ ለምንለው፣ መቅረብ ይችላል። እጁ የሚያውቀውን ፈተናው ላይ የሚጥለው ብዙ ጊዜ የዕቃው ስም ነው። እኛ ጋራዥ የምንጠቀመው ከጣሊያን የቀረውን ቋንቋ ነው፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ። ወረቀቱ ላይ ግን ስፓርክ ፕለግ፣ ክላች፣ ጊርቦክስ፣ ቤሪንግ ተብሎ ይመጣል። አንድ የተማረ ልጅ ማታ ማታ ስሙንና ቲዎሪውን ያስጠናው። ተግባሩን እሱ ራሱ ይወጣዋል።

ሴት ነኝ። ጉልበት አይጠይቅም?

እህት ዓለም፣ ካምቢዮ ማውረድ ለወንዱም በክሪክና በሁለት ሰው ነው። ወደ አውቶ ኤሌክትሪክ ብታዘነብዪ ደስ ይለኛል፤ ሰው የሚጠፋው እዚያ ነው።

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። አሁን ይህን መማር ኪሳራ አይሆንም?

ክልከላው በ2016 ዓ.ም. መጣ፤ እውነት ነው። ግን ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለውን መንገድ እይ። ባጃጁ፣ ሃይሉክሱ፣ ቪትዙ፣ አይሱዙው ዛሬም እዚያው ነው። አዲስ ካልገባ ደግሞ ያለው እየተጠገነ ይቆያል። ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ፍሬን ይበላል፣ የስሜን መንገድ ባሌስትራ ይሰብራል። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ፍሬን፣ ኩሽኔታና ጎማ አለው።

በኤሌክትሪክ መኪና የሚጠፋው የካንዴላና የሞተር ዘይት ሥራ ነው። የሚጨምረው ደግሞ የኤሌክትሪክ ዕውቀት ነው። በቅርቡ አንድ ባለ ቪትዝ አዲስ ባትሪ ገዝቶ በ3 ቀኑ ሞተበት። ሁለተኛ ሊገዛ ሲል ቆይ አልኩት። ባትሪውን ቻርጅ አድርገን ሞተሩን አስነሳሁና በመልቲሜትር ለካሁ፤ 12.2 ቮልት። ሲነሳ ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ ነበረበት። ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው ያልሠራው። ዲናሞውን ስንፈታው ውስጡ ያለው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን አልቋል። ካርቦን ቀይረን ሄደ። ትምህርት የሚከፍለው እንዲህ ስትለካ ነው፤ በግምት ዕቃ የሚያስለውጥ መካኒክ ደንበኛ አያቆይም።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ብርቱካናማ ገመድ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ። ሳትሠለጥኑ አትንኩት። ይገድላል።

ስመረቅ ስንት ይከፈለኛል?

ቁርጥ ያለ ቁጥር ብነግርህ እዋሽሃለሁ። ብዙ ጋራዥ የሚከፍለው በፐርሰንት ነው፤ ሥራ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። በጥቅምትና በኅዳር የመተማ ሰሊጥ ሲነሳ የጭነት መኪናው ይበዛልናል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው። ስለዚህ ለትምህርት ብድር አትግባ፤ ብድሩ በየወሩ ይጠይቅሃል፣ ጋራዡ ግን በየወሩ እኩል አይሰጥህም።

መጀመሪያ ምን መሣሪያ ልግዛ?

መልቲሜትር፣ አንድ ሙሉ ስብስብ ደህና የመፍቻ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። የኮምፒውተር መመርመሪያው ይቆይ። የብልሽቱን ኮድ ያወጣልሃል እንጂ የተበጠሰውን ሽቦ አያሳይህም። ሽቦውን የምታገኘው በመልቲሜትሩ ነው።