ዝግመተ ለውጥን ከወባ ተማሩ

ውድ ልጆቼ፣

ላቦራቶሪያችን ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ስለ ዝግመተ ለውጥ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ መልሳቸው አንድ ነው። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚለው አይደል?» ይሉኛል። ወዲያው ደግሞ አምናለሁ፣ አላምንም ወደሚል ክርክር ይገባሉ። ይሄ ያሳዝነኛል። ዝግመተ ለውጥ በየቀኑ እጃችን ላይ ያለ ነገር ነው፤ ካልገባን ደግሞ የሚጎዳው በሽተኛው ነው።

እስቲ በወባ ላስረዳችሁ፤ የሥራ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከዚህ በሽታ ጋር ነውና። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሥራ ስጀምር ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ነበር። ቀስ በቀስ ግን ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት የያዛቸው ሰዎች መድኃኒቱን ጨርሰው ተመልሰው ይመጡ ጀመር። በ1998 አገራችን ለፋልሲፓረም ፋንሲዳር የሚባል ሌላ መድኃኒት መረጠች። እሱም ብዙ አልቆየም፤ በ2004 በኮአርተም ተተካ። አሁን ደግሞ ኮአርተም ውስጥ ያለውን አርቴሚሲኒን በከፊል የሚቋቋም ፓራሳይት፣ ማለትም የወባ ተሕዋስ፣ ኤርትራም እኛም ጋር ተገኝቷል።

ሰው «ወባው መድኃኒቱን ለመደው» ይላል። አንድ ነጠላ ፓራሳይት ግን ምንም አይለምድም። በጠና የታመመ ሰው ደም ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ፓራሳይቶች አሉ። ሲባዙ ዲኤንኤያቸውን ይገለብጣሉ፤ ሲገለብጡ አንዳንዴ ይሳሳታሉ። አብዛኛው ስህተት ለምንም አይጠቅም። አልፎ አልፎ ግን መድኃኒቱ እንዳይገድለው የሚያደርግ ስህተት ያለበት ፓራሳይት ይገኛል። ሌሎቹ ሲያልቁ እሱ ይቀራል። ትንኟም ወደ ሌላ ሰው የምታሻግረው የተረፈውን ነው። ተፈጥሯዊ ምርጫ የሚባለው ይሄው ነው።

አሁን ከማስረጃዎች ሁሉ በጣም የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ጤና ኬላ ላይ የምንጠቀምበት የወባ ፈጣን መመርመሪያ፣ አርዲቲ የምንለው፣ ፓራሳይቱን ራሱን አያይም። ብዙዎቹ ኪቶች የሚያዩት ፋልሲፓረም ደም ውስጥ የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ካለ መስመር ይወጣል፤ ከሌለ አይወጣም። በ2010 ከፔሩ አማዞን አንድ ሪፖርት ወጣ። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ጭራሽ የሌላቸው ፓራሳይቶች ተገኙ። በ2016 ደግሞ ኤርትራ ውስጥ፣ ጊንዳዕና ምጽዋ ላይ፣ በማይክሮስኮፕ ወባ የታየባቸው ብዙ ሰዎች በአርዲቲ ነጌቲቭ ሆኑ። አገሪቱም ኪቱን ቀየረች። እኛ ጋር በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት በ2021 ታተመ። በዚህ ጂን መጥፋት ምክንያት ከፋልሲፓረም ታማሚዎች ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት በአርዲቲ ሊያመልጡ እንደሚችሉ ገመተ።

እስቲ አስቡት። ኪቱ ፓራሳይት አይገድልም። ፖዘቲቭ የሆነው ሰው ግን መድኃኒት ይወስዳል፣ የያዘው ፓራሳይትም ያልቃል። ነጌቲቭ የሆነው «ወባ የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ማታ ትንኝ ትነክሰዋለች። ጂኑ የጠፋበት ፓራሳይት በዚህ መንገድ ይበዛል። ማንም ሳያስበው የኛው ምርመራ መራጭ ሆነ ማለት ነው።

የፔሩን ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። እዚያ ጂኑ የጠፋው ይህ ዓይነት ኪት በስፋት ጥቅም ላይ ባልዋለበት አካባቢ ነው። ፓራሳይቱ ኪቱን ለማምለጥ ብሎ አልተለወጠም። ለውጡ መጀመሪያ በአጋጣሚ ይመጣል፤ የሚጠቅምበት ሁኔታ ሲፈጠር ይበዛል። ፈተና ላይም ሕይወት ላይም ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ቅደም ተከተል ነው።

የእኛም ደም ከዚሁ ታሪክ ውጭ አይደለም። ሌላው የወባ ዓይነት፣ ቪቫክስ፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት በዋናነት ዳፊ የሚባል ፕሮቲን ይፈልጋል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ቀይ ሴሉ ላይ ይህ ፕሮቲን የለም። ምክንያቱ በዲኤንኤ ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ ናት። በዚያም ቪቫክስ ብርቅ ነው። እኛ አገር ግን ዳፊ ያለውም የሌለውም ሰው ተቀላቅሎ ይኖራል። ስላይድ ላይ ቪቫክስን ዘወትር የምታገኙበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ነው።

የዝንጀሮውን ጥያቄም ሳልመልስ አልለፍ። ሰው ዛሬ ከምናያቸው ዝንጀሮዎች ከአንዱም አልመጣም። ከቺምፓንዚ ጋር ግን ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የኖረ የጋራ ቅድመ አያት አለን። ቺምፓንዚ 24 ጥንድ ክሮሞሶም አለው፣ እኛ 23። ሁለተኛው ክሮሞሶማችን ሲታይ ሁለት ክሮሞሶሞች ጫፍ ለጫፍ የተጣበቁበት ነው፤ በጫፍ ላይ መኖር የነበረበት የዲኤንኤ ምልክት መሐሉ ላይ ተገኝቷል። አጥንቱን ደግሞ አፋር ሰጥቶናል። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። ዳሌዋና እግሯ ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ እንደሄደች ይናገራሉ፤ የዘመዶቿ የራስ ቅል ግን የአንጎላቸው መጠን ከቺምፓንዚ ብዙም እንደማይርቅ ያሳያል። አጥንት ቆፋሪውና ዲኤንኤ አንባቢው በየፊናቸው ሠርተው አንድ ቦታ ሲገናኙ፣ ያንን ማስረጃ በቁም ነገር ያዙት።

እምነታችሁን ተዉ አልላችሁም። ጥሩ ጥሩ የሥራ ባልደረቦቼ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሚሄዱ ናቸው፣ ሥራቸውንም አክብረው ይሠራሉ። የምለምናችሁ ሌንስ ስር ያያችሁትን አላየሁም እንዳትሉ ብቻ ነው።

ነገ ጤና ጣቢያ ስትመደቡ መጀመሪያ የኪቱን ሳጥን አንብቡ፤ የትኛውን ፕሮቲን እንደሚያይ ተጽፏል። ትኩሳቱ የወባ መስሎ ሳለ አርዲቲው ነጌቲቭ ካለ፣ ወረፋው ቢረዝምም ብለድ ፊልም፣ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን የደም ቅብ፣ ሥሩ፤ ወፍራሙንም ቀጭኑንም። ፋልሲፓረም አይታችሁ ኪቱ ዝም ካለ፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ሙቀት የመታው እንዳይሆን አጣሩ። ሕክምናውን ግን አታዘግዩ። ኪቱ ደህና ከሆነ ደግሞ ጂኑ እንዲመረመር ከበሽተኛው ፈቃድ ጠይቃችሁ ጠብታ ደም ማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቁ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፣ ለክልላችሁ ላቦራቶሪም አሳውቁ።