የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ በቅዳሜና እሑድ የሚታደስ አሮጌ ፒካፕ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ፣ በግቢ ጥግ ተረስቶ የቆመ አሮጌ መኪና ስለ ማደስ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በርከት ብለው ይደርሱናል። ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሦስቱ ስለ አንድ ዓይነት መኪና፣ ማለትም ስለ 45 ሲሪዝ ላንድ ክሩዘር ፒካፕ የሚጠይቁ በመሆናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ጉዳዩ ሰፊ ስለሆነ አብዛኛውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ «ከአባቴ የወረስኩት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ላንድ ክሩዘር ፒካፕ አለኝ። ሞተሩ ኤፍ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ነው። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ላለፉት አምስት ወራት ቅዳሜና እሑድ ስንሠራበት ቆይተናል። የጭነት ሳጥኑን፣ ሁለቱን የፊት ፓራፋንጎዎችና ኮፈኑን አውርደናል፤ የበሰበሰውን ወለል በከፊል ቆርጠናል። አሁን ጋቢናውንም አውርደን ሻንሲውን እርቃኑን ልናስቀር ነው። ጓደኛዬ ሞራል እንዲሆነን ቀለሙን እናስቀድም ይላል፤ እኔ ደግሞ በዚያው የናፍጣ ሞተርና ሰፋፊ ጎማ ልገጥምለት እመኛለሁ። ነገር ግን ከተሠራው ይልቅ የተፈታው እየበዛ፣ እኛም እየሰለቸን ነው። ከየት እንቀጥል?» (ከአዳማ)

መልስ፦ ጋቢናውን አያውርዱት። ሻንሲው ተፍቆና ተቀብቶ፣ ዕቃው አንድ በአንድ በላዩ ሲመለስ ማየት የሚያስጎመጅ ቢሆንም፣ ያ አሠራር መጠለያና ማንሻ ላለው ጋራዥ እንጂ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሥራ ላይ ውሎ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መፍቻ ለሚያነሣ ሰው የሚሆን አይደለም። ጋራዡ ሰኞ የፈታውን ማክሰኞ ያስታውሰዋል፤ እርስዎ ግን ዛሬ የፈቱትን ብሎን የሚመልሱት ምናልባት ከስምንት ወር በኋላ ነው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በወጣትነቱ አንድ ፒካፕ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቶ፣ ዕቃውን በሲሚንቶ ከረጢት ሞልቶ፣ ሁለት ክረምት በጎረቤት ግቢ ድንጋይ ላይ ካቆመው በኋላ በቁራጭ ብረት ዋጋ የሸጠ ሰው ስለሆነ፣ ይህን ሲል ከመጽሐፍ ቀድቶ እንዳልሆነ ይረዱለት።

ከአሁን በኋላ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ተፈትቶ፣ ተጠግኖና ተመልሶ ሊገጠም የሚችለውን ያህል ብቻ ይፍቱ። በዚህ ሳምንት የግራ የፊት ጎማ ፍሬን ከሆነ እሱ ብቻ ይሁን፤ እሑድ ማታ መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ይደር። ሥራው በጠቅላላው ሲታይ ረዘም ያለ ቢመስልም ያልተጠናቀቀ ነገር አይከማችም፤ እርስዎን ያሰለቸዎትም ድካሙ ሳይሆን ይህ ክምችት ይመስለናል።

እስካሁን የተፈታውን በተመለከተ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ምንም ሳይፈቱ ዕቃውን በመለየት ብቻ ያሳልፉት። ባዶ የወተት ጣሳዎች ሰብስበው የአንዱን ክፍል ብሎንና ዳዶ በአንድ ጣሳ ያድርጉ፤ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው በእርሳስ ይጻፉበት። በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ ቤንዚን የነካው እጅ ሲያርፍበት ጽሑፉ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፣ የእርሳስ ጽሑፍ ግን ይዘልቃል። ረጅሙና አጭሩ ብሎን በየትኛው ቀዳዳ እንደነበረ ካላስታወሱ፣ የክፍሉን ቅርጽ በካርቶን ላይ ሥለው ብሎኖቹን በየቦታቸው መውጋት ይበጃል። ለቀጣዩ ደግሞ ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ እኛ ያንን ፒካፕ ስንፈታ ይህ ዕድል አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ ተራው የፍሬን ነው፤ የቀለምም የሞተርም አይደለም። በእርስዎ መኪና ዘመን የተሠሩት 45ቶች በአራቱም ጎማ ላይ ያላቸው የታምቡር ፍሬን ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ሁለት፣ በድምሩ ስምንት የፍሬን ሲሊንደሮች አሉ። ከስምንቱ የአንዱ ጎሚኒ ካለቀ ዘይቱ ወደ ሸራው፣ ማለትም ታምቡሩን እያሻሸ ወደሚይዘው ልባስ፣ ፈስሶ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ታምቡሩን ሲያወጡ በውስጡ የሚያገኙትን ጥቁር አቧራ በኮምፕረሰር ወይም በአፍ እንዳያናፍሱት አደራ እንላለን፤ የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል፣ ውኃ ረጭተው በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን በፌስታል አስረው ይጣሉት። ሲሊንደሩ ውስጡ በዝገት ከተቦረቦረ ጎሚኒ መቀየር ብቻውን ለጥቂት ሳምንታት እንጂ አይዘልቅም። ሲገጥሙ እያንዳንዱ ሸራ የራሱ ማስተካከያ እንዳለው አይርሱ፤ ሁለቱንም ጎማው እስኪያዝ አጥብቀው፣ ከዚያ በነፃነት እስኪዞር ቀስ በቀስ ይመልሱ። አንዱን ብቻ አስተካክሎ «ፍሬኑ ወደ ታች ይወርዳል» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞናል። አየር ሲያስወጡ ከማስተሩ፣ ማለትም ከፔዳሉ ጋር ከተያያዘው ዋና የፍሬን ሲሊንደር፣ በጣም ሩቅ ከሆነው ጎማ ይጀምሩ፤ ጓደኛዎ ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፣ እርስዎ ከፍተው ይዝጉ፣ እሱ ከመዘጋቱ በፊት እንዳይለቅ።

ቆርቆሮውን በሚመለከት፣ የቀረውን ወለል ከመቁረጥዎ በፊት ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው በሩን፣ የጋቢናውን ማዕዘኖችና የጣሪያውን ጠርዝ ይዳስሱበት። ማግኔቱ እየተሳበ ሄዶ ድንገት የሚላላበት ቦታ ከቀለሙ በታች ወፍራም ስቱኮ አለ፤ ከስቱኮው በታች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ላሜራ የለም። መኪናው በደረቅ አገር የኖረ ነው ብለው አይታለሉ። ከአፍዴራ ጨው ሲያመላልስ የኖረ ፒካፕ ዝናብ ሳያይ ከውስጥ ተበልቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ አባትዎ ምን ይጭኑበት እንደነበር የሚያውቅ ዘመድ ካለ መጠየቅ አይከፋም። የበሰበሰውን ጤነኛ ብረት እስኪደርሱ ቆርጠው በላሜራ ማስበየድ እንጂ በላዩ መደረብ አይገባም፤ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት እርጥበት ይይዛል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ሳይነቅሉ፣ የነዳጅ ታንከሩንም ከአካባቢው ሳያርቁ ብየዳ አያስጀምሩ። ብየዳው በአንድ ወጥ መስመር ከሄደ ላሜራው በሙቀት ስለሚጣመም፣ ሠራተኛው እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እያደረገ፣ እያቀዘቀዘ እንዲያገናኘው ይንገሩት። ስቱኮ የሚገባው በመጨረሻ፣ ሦስት ሚሊሜትር ለማይሞላ ጉድጓድ ብቻ ነው።

የጓደኛዎን ሐሳብ እንረዳለን፤ ተቀብቶ የሚያበራ ኮፈን በእርግጥ ሞራል ይሰጣል። ነገር ግን ቀለም ቀድሞ የተቀባ መኪና ላይ መፍቻ ይወድቃል፣ የፍሬን ዘይት ይፈስበታል፣ የብየዳ ብልጭታ ያርፍበታል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለምን እንደ ቅርፊት የሚያነሣ ነው። ሞራሉ የግድ ካስፈለገ የዳሽቦርዱን ላሜራ ወይም ቸርኬዎቹን ይቀቡ።

የናፍጣው ሞተር ጉዳይ አከራካሪ ነው። ኤፍ 3.9 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ቤንዚን የሚወድ፣ ነገር ግን ለመጠገን ቀላል የሆነ ሞተር ነው፤ የሲሊንደሮቹ የመጭመቅ ግፊት ካልወደቀ በስተቀር እኛ ብንሆን አንነካውም። ብዙ ሰው የሚመኘው እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የወጣውን 4.2 ሊትሩን ዋን ኤች ዜድ ነው። እሱን ማስገባት ሞተር መለወጥ ብቻ አይደለም፤ የሞተር ማሰሪያው፣ ካምቢዮው፣ ራዲያተሩ፣ የነዳጅ መስመሩና የጭስ ማውጫው አብረው ይለወጣሉ። ይህ ደግሞ ከላይ «በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚያልቅ ብቻ» ካልነው ጋር ፈጽሞ አይሄድም። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተመዘገበ በመሆኑ፣ ሞተሩን ከመግዛትዎ በፊት መኪናው ወደ ተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ሄደው ለለውጡ የሚጠየቀውን ማስረጃ ይወቁ፤ የሚገዙትም ሞተር ሕጋዊ ሰነድ ያለው ይሁን። ሰነድ የሌለው ሞተር ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው።

ስለ ጎማው አጭር እንሁን። ለዚህ ፒካፕ የሚታወቀው 7.50 በ16 ሲሆን ቁመቱ ወደ 80 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ከዚያ የሚተልቅ ጎማ መሪውን ያከብዳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የታምቡር ፍሬኑን ያዳክማል። ከ60 ሲሪዝ ላንድ ክሩዘር የፊት ዲስክ ፍሬን ወስዶ መግጠም የታወቀና የተሞከረ ማሻሻያ በመሆኑ፣ ሰፋፊ ጎማ ከፈለጉ በቅድሚያ ይህን ያድርጉ። በዚያን ጊዜ ለታምቡር ተብሎ በፊተኛው መስመር ላይ የተቀመጠው ግፊት አስቀሪ ቫልቭ መውጣት እንዳለበት ለሠራተኛው ያስታውሱት፤ ካልወጣ ዲስኩ ሁልጊዜ እንደተነካ ሆኖ ይግላል። የአሁኑ ቸርኬዎ ባለ ቀለበት ከሆነ ደግሞ ጎማ ሲነፋ ማንም ሰው ፊት ለፊቱ እንዳይቆም። ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ ከተነፋ ተወርውሮ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ «ተመሳሳይ ፒካፕ ከድሬዳዋ ገዝቼ አዲስ አበባ አምጥቼዋለሁ። እዚያ ደህና ይሠራ የነበረው ካርቡራቶር እዚህ ከመጣ ጀምሮ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚንም ይጠጣል። ሁለት ጊዜ አስጠርጌዋለሁ፤ ለውጥ የለም። ሞተሩ አልቆ ይሆን?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥቁር ጭስ የቤንዚን ብዛት ምልክት ነው፤ ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ካንዴላዎቹን አውጥተው ይመልከቱ፦ በእጅ የሚጠረግ ደረቅ ጥቀርሻ ከሆነ ሞተርዎ አላለቀም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ እዚህ ስለሚሳሳ፣ ካርቡራቶሩ ቀድሞ የለመደውን ያህል ቤንዚን ሲሰጥ ድብልቁ ይወፍራል። ችግሩ ከቆሻሻ ስላልመጣ ሦስተኛ ጊዜ ቢያስጠርጉትም አይፈታም። በመጀመሪያ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ይመልከቱ፤ ገመዱ ያዝ አድርጎ ግማሽ ላይ የቀረበት መኪና ብዙ ነው። ከዚያ በካርቡራቶሩ ጎን ባለችው ትንሽ ክብ መስታወት በኩል የቤንዚኑን ልክ ይዩ፤ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ቤንዚኑ የመስታወቷን መሐል መያዝ አለበት፣ ከዚያ ከበለጠ ተንሳፋፊው ወይም መርፌው ይስተካከል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የሚቀረው ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ፣ ጄት የሚባለውን፣ በጠበበ መቀየር ነው። የነበረውን ጄት አይጣሉት፤ ወደ ቆላ መመለስዎ አይቀርምና ከመኪናው ጋር ያኑሩት። ይህ ሁሉ ከተስተካከለም በኋላ በከፍታው ምክንያት የሚጠፋው ጉልበት አይመለስም፣ ስለዚህ በእንጦጦ ዳገት ላይ ቢያዘግምብዎ አይፍረዱበት።

ጥያቄ፦ «የምኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። አባቴ ኢትዮጵያ ውስጥ 45 ፒካፕ በማደስ ላይ ናቸው። እዚህ ለ40 ሲሪዝ የሚሸጥ መለዋወጫ ሞልቷል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ስሄድ በሻንጣ ልወስድላቸው የምችለው የትኛው ይገጥማል?» (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አባትዎ ዕድለኛ ናቸው፤ 45 የ40 ሲሪዝ ረጅሙ ዓይነት ነው። ከመግዛትዎ በፊት የሻንሲውን ቁጥር፣ በሻንሲው ቀኝ ፊት ጫፍ ላይ የተመታውን፣ በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ፎቶግራፍ አንሥተው እንዲልኩልዎ ያድርጉ፤ የተሠራበትንም ዓመት ይጠይቁ። የሞተር ጋርኒሲዮን፣ የውኃ ፓምፕ፣ የካርቡራቶር መጠገኛ፣ ፕላቲና እና የካንዴላ ገመድ የአባትዎ መኪና በቤንዚን ኤፍ ወይም እሱን በተካው ቱ ኤፍ ሞተር የሚሠራ ከሆነ ያለችግር ይገጥማሉ። ናፍጣ ከሆነ ግን ይተዉት፤ አሜሪካ ውስጥ 40 ሲሪዝ በናፍጣ አልተሸጠም። በፍሬን ዕቃ ላይ ይጠንቀቁ፦ በአሜሪካ ከ1976 ሞዴል ጀምሮ ያሉት ከፊት ዲስክ ስለሆኑ ለታምቡሩ ከዚያ በፊት የነበረውን ሞዴል ይጠይቁ። የጭነት ሳጥን፣ የኋላ ባሌስትራና የኋላ ዘንግ በርዝመት ስለሚለያዩ አይሞክሯቸው።

ለሻንጣ ከሁሉ የሚሻለው የፊት ዲፈረንሻል ሁለት ጫፎች የጎሚኒ፣ የፌልትና የኩሽኔታ ሙሉ መጠገኛ ነው። ከዚያ ቦታ የሚንጠባጠብ ግራሶ የዚህ መኪና የታወቀ ጠባይ ስለሆነ፣ የአባትዎም የፊት ቸርኬ ውስጡን ቢያዩት ጥቁር ቅባት ለብሶ እንደሚሆን እንገምታለን። የሚወስዱት የጎሚኒ ዕቃ ሁሉ አዲስ ይሁን፤ የፍሬን ቱቦ በተለይ ሳይገጠም በመደርደሪያ ላይ ቢያረጅም ስለሚሰነጠቅ፣ የተሠራበትን ቀን ማሸጊያው ላይ ሳያዩ አይግዙ።