የአንባቢያን ጥያቄ፦ የፕላንክተን ማርቢያ ከሃይላንድ ጠርሙስ መሥራት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ የሀዋሳ ከተማ ነዋሪ ስሆን በመኖሪያ ቤቴ ለስላሳ ኮራሎችና ሁለት ክላውንፊሽ ያሉበት 200 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ናኖክሎሮፕሲስ የተባለውን አልጌ በጠርሙስ፣ ይህን አልጌ የምትመገበውን የሮቲፈርን (የደቃቅ የውሃ እንስሳ) ዕንቁላል ደግሞ በደረቁ አምጥቶልኛል፤ እነዚህን ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ማለትም ፕላንክተን ለኮራሎቼ ምግብ እንዲሆኑ የማረባበትን ማርቢያ ግን ለማስመጣት አቅሜ አይፈቅድም። እዚሁ ገበያ በሚገኝ ዕቃ ልሠራው እችላለሁ? የሻላን ሐይቅ ውሃ ብጠቀምስ ጨው ከመግዛት እድናለሁ? መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋስ ምን ላድርግ?
አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ማርቢያው ያለ ጥርጥር በእጅዎ ሊሠራ የሚችል ነው። እንዲያውም በዚህ ሥራ ላይ ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው የዕቃው ርካሽነት ሳይሆን የአልጌውና የሮቲፈሩ መቀላቀል ስለሆነ፣ ገንዘብዎንም ሐሳብዎንም ሁለቱን ለያይቶ በማኖር ላይ ቢያውሉት ይሻላል።

ለአልጌው ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ክዳኑን በጋለ ምስማር ሁለት ቦታ ይብሱና በአንደኛው ቀዳዳ እስከ ጠርሙሱ ወለል የሚደርስ ጠንካራ ቀጭን ቱቦ ያስገቡ፤ ሁለተኛው የአየር መውጫ ስለሆነ በጥጥ ይወተፋል። ከአየር ፓምፑ ጋር ለማገናኘት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የግሉኮስ ቱቦ ተስማሚ ነው፤ ጠብታ መቆጣጠሪያዋን ትንሽ ጎማ በአውራ ጣት ወደ ታች እየገፉ፣ አረፋው ተራ በተራ ጎላ ጎላ ብሎ ሲወጣ መተው ነው። አየርን ወደ ደቃቅ አረፋ የሚበትነውን ድንጋይ አይጠቀሙ፤ ደቃቁ አረፋ አልጌውን ይዞ ወደ አንገቱ ይወጣና እዚያው ጨው ሆኖ ይደርቃል። ለብርሃን 6,500 ኬልቪን ተብሎ የተጻፈበት ተራ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል በቀን ለ16 ሰዓት ያህል ማብራት በቂ ነው። የሀዋሳ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት የሚያርፍበት ጠርሙስ ግን ፈጥኖ ስለሚሞቅ፣ አልጌው ደግሞ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚስማማው፣ በነፃ የተገኘ ብርሃን ነው ብለው እዚያ እንዳያስቀምጡት።

የአልጌው ምግብ ጊላርድና ራይተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ቀመር ላይ የተመሠረተው ኤፍ በ2 የሚባለው ድብልቅ ሲሆን፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ጥቂት ማዕድናትና ቫይታሚኖች አሉበት። ለእርሻ የሚሸጠው ዩሪያና ዳፕ ውሃውን አረንጓዴ ሊያደርገው ይችላል፤ ነገር ግን ትርፉ ከአልጌው ጋር ወደ ኮራሎቹ ስለሚገባ ባይጠቀሙበት እንመርጣለን።

ስለ ሻላ ያነሱት ሐሳብ ከሀዋሳ ቅርበት አንጻር ቢማርክም አይሠራም። የሻላ ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔትና ባይካርቦኔት ነው፤ ፒኤች (የአሲድነት ወይም የአልካላይነት መለኪያ) መጠኑም ከ9 በላይ ሲሆን የባሕር ውሃ ግን 8 ነጥብ 2 አካባቢ ነው፤ ለኮራል አስፈላጊ የሆኑት ካልሲየምና ማግኒዥየምም እንደ ባሕሩ በብዛት አይገኙበትም። እንዲህ ያለው ውሃ የራሱ አልጌ አለው፤ ከሻላ አጠገብ ያለችው ጭቱ ሐይቅ አረንጓዴ የምትሆነው ፍላሚንጎዎች በሚመገቡት በስፒሩሊና ነው። የወጥ ቤት ጨውም ከሶዲየም ክሎራይድ ብዙም የማያልፍና አዮዲን የተጨመረበት በመሆኑ አይተካም። ስለዚህ የአኳሪየም ጨው መግዛትዎ አይቀርም፤ ሆኖም ባሕሩ በሊትር 35 ግራም ቢይዝም፣ አልጌውና ሮቲፈሩ ከ20 እስከ 25 ግራም ባለው ውሃ በደንብ ስለሚራቡ ከጨው ወጪዎ ሲሶው ገደማ ይቀንሳል። አዲስ ውሃ ሲያዘጋጁ በሊትር 1 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምረው ያሳድሩትና፣ በማግሥቱ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ አየር ይንፉበት፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት ካገኙ ደግሞ ቅሪቱን ያጠፋልዎታል።

ለሮቲፈሩ ባለ 5 ሊትር የውሃ ጠርሙስ ታችኛውን ክፍል ቆርጠው ይገልብጡትና አፉ ላይ ትንሽ ቧንቧ ይግጠሙለት፤ ዝቃጩ ወደ አንገቱ ስለሚወርድ በየቀኑ ጥቂት ከፍተው ያስወግዱታል። ምግቡ አልጌው ነው፤ ውሃው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ እንደሆነ መቆየት አለበት፤ ጥርት ካለ ርቧቸዋል ማለት ነው። ለማጥለያ፣ የቲሸርት ማተሚያ ቤቶች የሚጠቀሙበት የስክሪን ፕሪንት ጨርቅ በሴንቲሜትር 120 ክር ያለው ከተገኘ፣ ቀዳዳው ወደ 50 ማይክሮን ስለሚጠጋ ሮቲፈሩን ያስቀራል፤ አጭር የፒቪሲ ቧንቧ አፍ ላይ በሲልከን ይለጥፉታል። ያጠለሉትን በንጹሕ የጨው ውሃ አለቅልቀው ይስጡ እንጂ፣ አሞኒያ የተጠራቀመበትን የማርቢያ ውሃ ወደ አኳሪየሙ አይጨምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። አንዲት የሮቲፈር ውሃ ጠብታ አልጌው ውስጥ ከገባች፣ አረንጓዴው ጠርሙስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበልቶ ያልቃል፤ ጠብታዋ ደግሞ በእጅ፣ በማንኪያ፣ አረፋ ሲፈነዳ በሚረጨው እርጥበትና በጋራ የአየር ቱቦ ትሄዳለች። ሁለቱን በተለያየ ክፍል ያስቀምጡ፤ ለየራሳቸው ፓምፕ፣ ለየራሳቸው ማጥለያና መለኪያ ይኑራቸው፤ በየቀኑም መጀመሪያ አልጌውን፣ ከዚያ ሮቲፈሩን ይንኩ፤ በዚያ ቀን ወደ አልጌው አይመለሱ። ከአልጌው ሁለት ጠርሙስ ይያዙ፤ አንዱ የሚቀዳ፣ ሌላው በመጠባበቂያነት ለብቻው የሚቀመጥ ይሁን።

መብራት ሲጠፋ አልጌው ጠርሙሱን ወዝወዝ ካደረጉለት ለሰዓታት ይታገሣል፤ ሮቲፈሩ ግን አየር ያጥረዋል። ሀዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልግዎታል፤ ሮቲፈሩንም እጅግ እስኪጨናነቅ ሳይጠብቁ በየቀኑ ከውሃው ሩብ ያህሉን እየቀዱ ያጥልሉ። ፓምፖቹ ከውሃው ከፍታ በላይ መቀመጥ አለባቸው፤ አለበለዚያ ኃይል ሲቋረጥ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑንና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ያጥለቀልቃል።

ሮቲፈሩን ለኮራሎቹ የሚሰጡት የአኳሪየሙ መብራት ከጠፋ በኋላ ይሁን፤ ብዙዎቹ ኮራሎች እንደ ጣት ያሉ ቀጫጭን መያዣዎቻቸውን ዘርግተው የሚያድኑት በጨለማ ነውና። ማጣሪያውንና በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣውን ስኪመር ለአንድ ሰዓት ያህል ያጥፏቸው፤ የውሃ ማዘዋወሪያው ፓምፕ ግን ሥራውን ይቀጥል።