መልስ፦ የ9 ዓመት ልጄ ጂቲኤ ሲጫወት ቆይቶ እህቱን ይመታል፣ ልከልክለው?

እህቴ፣ ጂቲኤ 5ን አዎ፣ ከልክዪው። አውሮፓ 18፣ አሜሪካ 17 ዓመት ላልሞላው አይሆንም ያሉት፣ ወንጀል የበዛበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ በገዛ እጁ የታሰረን ሰው ጥርስ በፒንሳ የሚነቅልበት ክፍል አለው። ለ9 ዓመት ልጅ ይህ ከባድ ነው።

ነፍሰ ገዳይ ይሆንብኛል ብለሽ ግን አትሸበሪ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 (በፈረንጆቹ) እንዳለው፣ ግጭት የበዛበት ጨዋታ እንደ መጮህና መገፋፋት ካሉ ጠባዮች ጋር አነስተኛ ግንኙነት አለው፤ ከከባድ ጥቃት ጋር ለማያያዝ በቂ ማስረጃ የለም።

ፕሌይስቴሽን 4 ነው ያለን ብለሻል። ሴቲንግ ውስጥ የወላጅ ቁጥጥር የሚለውን ክፈቺና ለልጁ በትክክለኛ ዕድሜው የራሱን አካውንት አውጪለት፤ የጨዋታውን የዕድሜ ገደብ እዚያው ትወስኚያለሽ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ የማሽኑ የይለፍ ቁጥር ካልተቀየረ 0000 ነው፣ ልጆች ያውቁታል። ቀይሪው። አዲስ ተጠቃሚ መፍጠርንና በእንግድነት መግባትንም ዝጊ፤ አለበለዚያ በሌላ ስም ገብቶ ይጫወታል። የአጎቱ ልጅ አካውንት እዚያው ካለም የይለፍ ቁጥር ይኑረው።

ምቱ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ አስተውዪ። ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው መሃል ላይ ሲጠፋበት ነው። ሶኬት አትንቀዪ። ከ10 ደቂቃ በፊት አስጠንቅቂው፤ የሚጫወተው የኳስ ጌም ከሆነ በሰዓት ሳይሆን «ሁለት ግጥሚያ» ብላችሁ ተስማሙ። ማሽኑም ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎን ይቀመጥ። ሳይጫወት በዋለበት ቀንም እህቱን የሚመታ ከሆነ፣ ምክንያቱን ትምህርት ቤትም ጠይቂ።