«ስንት ሰዓት ተነሳህ?» በፈረንሳይኛ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ «ሰ ሬቬዬ» እና «ሰ ሌቬ» ልዩነታቸው ምንድን ነው? መምህራችን ሁለቱንም «ተነሳ» ብለው ነው የነገሩን።

መልስ፦ የመጀመሪያው ከእንቅልፍ መንቃት ነው፤ ሁለተኛው ከአልጋ መውረድ። እኛ «ስንት ሰዓት ተነሳህ?» ስንል ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አንድ ላይ ስለምንጠይቅ መምህርዎ አልተሳሳቱም። ፈረንሳዮች ግን ይለዩአቸዋል። ማታም እንዲሁ ነው፦ «ሰ ኩሼ» አልጋ ላይ መውጣት፣ «ሳንዶርሚር» እንቅልፍ ሲወስድ።

ጥያቄ፦ «ዠ መ ሬቬይ» ሲባል «መ» ምን ይሠራል? ብተወውስ?

መልስ፦ አይተዉት፤ ትርጉሙ ይለወጣል። «ዠ ሬቬይ ሞን ፊስ» ካሉ ልጅዎን እየቀሰቀሱ ነው። «ዠ መ ሬቬይ» ካሉ የሚነቁት እርስዎ ነዎት። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልብስ «አጠበ» እና ራሱ «ታጠበ»፣ ሌላውን «ላጨ» እና ራሱ «ተላጨ» ስንል የምንጨምረው «ተ» ያንኑ ሥራ ይሠራል። ልዩነቱ የፈረንሳይኛው ከባለቤቱ ጋር መለዋወጡ ነው፦ ዠ መ፣ ቱ ተ፣ ኢል ሰ፣ ኑ ኑ፣ ቩ ቩ። አንድን ሰው በአንቱታ «ቩ ቩ ሬቬዬ ኣ ኬለር?» (በስንት ሰዓት ይነቃሉ?) ብለው ሲጠይቁ «ቩ» ሁለቴ መምጣቱ ስህተት መስሏቸው አንዱን የሚጥሉ ብዙ ናቸው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሠንጠረዥ ከመሸምደድ ይልቅ የራስዎን ጠዋት በቅደም ተከተል ጮክ ብለው ቢናገሩ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፦ ነቃሁ፣ ተነሳሁ፣ ታጠብኩ፣ ለበስኩ። አራቱም በፈረንሳይኛ «ሰ» ይወስዳሉ። ቁርስ ስትበሉ ግን አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ። «ነቃሁ» ብዬ ስጽፍ ምን ይለወጣል?

መልስ፦ በአነጋገር ምንም፤ «ዠ መ ስዊ ሬቬዬ» ብለው ይናገራሉ። ሲጽፉ ግን መጨረሻው ላይ «ኧ» የሚሉትን ፊደል ይጨምራሉ። «እጄን ታጠብኩ» በሚለው ላይ ደግሞ አይጨምሩ፤ የታጠበው እጅዎ ነውና። «ስዊ»ን በ«ዤ» አይተኩ። «ዤ ሬቬዬ» ካሉ ሰሚው «ማንን ቀሰቀሱ?» ብሎ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ሰዓት ስናገር ሁልጊዜ እደናገራለሁ።

መልስ፦ የኛ 12 ሰዓት ጠዋት የነሱ 6 ነው። የቀን ሰዓት ላይ 6 ይደምሩ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት 15 ይሆናል፣ «ካንዘር»። የባቡር ሰሌዳ ላይም የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት ላይም የሚጻፈው ይኸው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ጓደኛሞች ሲነጋገሩ «ትሯዘር» (3 ሰዓት) ቢሉ ግን አይደንግጡ፤ ያው ሰዓት ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ባለው ላይ 18 ይደምሩ፦ 2 ሰዓት «ቫንተር» ነው፣ 20። ቀን 6 ሰዓት «ሚዲ»፣ ሌሊት 6 ሰዓት «ሚንዊ» ይባላሉ፤ እነዚህን ለብቻ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ብራስልስ ያለች እህቴ «ዲኔ» ተጋብዛ ማታ ስትሄድ ግብዣው ምሳ ነበር።

መልስ፦ ፓሪስ ላይ ቁርስ «ፕቲ ዴዠኔ»፣ ምሳ «ዴዠኔ»፣ እራት «ዲኔ» ነው። ቤልጂየም ውስጥ ግን ቁርሱ «ዴዠኔ»፣ ምሳው «ዲኔ»፣ እራቱ «ሱፔ» ይባላል፤ በካናዳዋ ኬቤክም እንዲሁ። ሲጋበዙ «ኣ ኬለር?» (በስንት ሰዓት?) ብለው ይጠይቁ፤ ነውር የለውም።