የሌርድ ቤተሰብ የፖም አረቄ፦ ጥያቄና መልስ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ የመጠጥ መደብር ባንኮኒ ጀርባ 14 ዓመት ቆሜያለሁ። ሰሞኑን ስለ ሌርድ አፕልጃክ አንድ ነገር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሌርድ ማን ነው? አፕልጃክስ ምንድን ነው?

ሌርድ የቤተሰብ ስም ነው። ዊሊያም ሌርድ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1698 መጥቶ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሞንማውዝ አውራጃ ሰፈረ። አፕልጃክ ደግሞ አሜሪካኖች ለፖም አረቄ ያወጡለት ስም ነው። ፖሙ ይጨመቃል፣ ጭማቂው እንደ ጠላ ይፈላል፣ ከፈላው አረቄ ይወጣል፣ የወጣው በኦክ እንጨት በርሜል ለዓመታት ይተኛል። ሥራው እስከ ዛሬ ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም፤ ሊሳ ሌርድ ደን ዘጠነኛው ትውልድ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዱ ጋ 1698፣ ሌላው ጋ 1780 ይላል። የትኛው ነው እውነቱ?

ሁለቱም፤ ግን የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። 1698 ሰውየው የሰፈረበት ዓመት ነው። ገበሬ ለቤቱ ያወጣውን አረቄ ማን መዝግቦት? 1780 ግን የአረቄ ሽያጭ በቤተሰቡ የሒሳብ መዝገብ ላይ ሰፍሮ የተገኘበት ዓመት ነው። እኔን ከጠየቅኸኝ የምቆጥረው ከዚያ ነው፤ ወረቀት ያለው እሱ ነውና።

ጆርጅ ዋሽንግተን በ1760 ገደማ የአሠራሩን ዘዴ ጠይቋቸዋል የሚባለውንም ቤተሰቡ ነው የሚተርከው። ነጋዴ ስለ ራሱ ዕቃ የሚያወራውን ተረክ እንደ ተረክ እሰማለሁ፤ ጥሩ ተረክ መሆኑን ግን አልክድም። ሮበርት ሌርድ በነጻነቱ ጦርነት ከዋሽንግተን ሠራዊት ጋር ዘምቷል። የቀድሞው የአረቄ ቤታቸው ኮልትስ ኔክ በሚባለው መንደር ከእንግዳ ማረፊያቸው ጀርባ ነበር። እሱ በ1849 ተቃጠለ፤ በ1851 እዚያው አቅራቢያ ስኮቢቪል ላይ አዲስ ሠሩ።

ጥያቄ፦ እህል እያለ ለምን ፖም?

ፖሙ ስለ በዛ። ያኔ የሰፋሪው ሁሉ ጓሮ ፖም ነበር፤ አብዛኛውም ለጥርስ የማይመች፣ ለመጭመቅ የሚሆን። የፈላው ጭማቂ የዕለት መጠጥ ነበር። ነገር ግን በርሜሉ ይከብዳል፣ ሲቆይም ይኮመጥጣል። አረቄ ሲሆን ያንሳል፣ አይበላሽም፣ ገንዘብም ይሆናል። መንገድ ለሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ደመወዝ ሆኖ የተከፈለበት ጊዜ አለ። ቅጽል ስሙ «የጀርሲ መብረቅ» ነው፤ ለምን እንደተባለ የቀመሰ ያውቃል።

ጥያቄ፦ በእሳት ሳይሆን በበረዶ ነው የሚሠራው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ድሮ ገበሬው እንደዚያ ያደርግ ነበር። የፈላውን ጭማቂ በክረምት ደጅ ያሳድረዋል፤ ውሃው ይረጋል፣ አልኮሉ አይረጋም። ጠዋት በረዶውን አውጥቶ ሲጥል የቀረው ይበረታል። ችግሩ በረዶ መራጭ አለመሆኑ ነው። በእሳት ስታወጣ መጀመሪያ የሚመጣውን መጥፎውን ለይተህ ትደፋለህ፤ በበረዶ ግን ክፉውም ደጉም አብሮ ይቀራል። በማግስቱ ራስ ይፈልጣል። ሌርድ የሚያወጣው በእሳት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከእኛ አረቄ በምን ይለያል? እናቴ ለዓመት በዓል ታወጣ ነበር።

እኅቴ፣ በመሠረቱ አንድ ናቸው። ድፍድፉ እንስራ ውስጥ ይገባል፣ አፉ በደንብ ይመረጋል፣ እንፋሎቱ በመቃው ይሄዳል፣ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ማሰሮ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። ሌርዶች ቨርጂኒያ ላይ የሚያወጡበት የብረት ጋንም የሚሠራው ይህንኑ ነው። እናትሽ ተራውን መልሳ ብታወጣው ዳግም አረቄ ይሆናል፤ ፈረንጆቹም ደግመው የሚያወጡት አላቸው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው።

ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። እህል ወዲያውኑ አይፈላም፤ ብቅል ያስፈልገዋል፣ ስኳር የሚያደርገው ብቅሉ ነው። ፖም ግን ስኳሩን ይዞ ነው የሚወለደው። ሁለተኛው እንጨቱ ነው። የእኛ አረቄ ከማሰሮው ወደ ጠርሙስ፣ ከጠርሙስ ወደ መለኪያ ነው። የእነሱ ገና ሲወጣ እንደ እኛው ውሃ ይመስላል፤ ወርቃማ ቀለሙን፣ የቫኒላና የቀረፋ ሽታውን የሚሰጠው በርሜሉ ነው። የእናትሽን ዳግም አንድ ሰው አራት ዓመት በበርሜል ቢያስተኛው ምን እንደሚሆን ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ አልኮል በተከለከለበት ዘመን እንዴት አልጠፉም?

ከ1920 እስከ 1933 ነው ክልከላው። ፖም ነው ያዳናቸው። አረቄ ቢከለከል ፖም አልተከለከለም፤ ያልፈላ ጭማቂና ተቀቅሎ የተፈጨ ፖም እየሸጡ ቆዩ። ክልከላው ሊያበቃ ሲል ደግሞ ለመድኃኒት የሚሆን የፖም ብራንዲ፣ ማለትም ንጹሕ የፖም አረቄ፣ እንዲያወጡ የመንግሥት ፈቃድ አገኙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ለሠራዊቱ የደረቀ ፖምና ፔክቲን አቀረቡ፤ ፔክቲን ማርማላታን የሚያረጋው ነገር ነው። በክልከላው ጊዜ የተዘጉት ጎረቤቶቻቸው እጅግ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ አፕልጃኩን ገዝቼ ቀመስኩት። የፖም ሽታ እንኳን የለውም! ተታለልኩ?

አልተታለልክም፤ ጽሑፉን አላነበብክም። ጠርሙሱን አዙረው። «ብሌንድድ» የሚል ቃል ታገኛለህ፤ የተቀየጠ ማለት ነው። ከውስጡ 35 በመቶው የፖም ብራንዲ፣ የቀረው 65 በመቶ ከእህል የወጣ ጣዕም የሌለው አልኮል ነው። ሕጉ ከዚያም ያነሰ፣ እስከ 20 በመቶ፣ ይፈቅዳል።

ይህ የመጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሰዉ ወደ ቮድካና ወደ ቀላል መጠጥ ዞረ፤ ከባድ የፖም አረቄ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ። ብዙ ሰው በዚህ ይወቅሳቸዋል። እኔ አልወቅስም፤ ቀላሉ ጠርሙስ ባይሸጥ ከባዱን በርሜል ለዓመታት የሚያስተኛ ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር? ግን የሁለቱ ስምና መልክ ተቀራራቢ መሆኑ ያናድደኛል። በሳምንት አንድ ሰው ተሳስቶ ይወስዳል።

የምትፈልገው «ቦትልድ ኢን ቦንድ» የሚለውን ነው። በ1897 በወጣ ሕግ የታሰረ ነው፦ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ወቅት የወጣ፣ ቢያንስ አራት ዓመት በበርሜል የቆየ፣ ጥንካሬው ልክ 50 በመቶ። እሱን ጠርሙሱን ስትከፍተው የተጋገረ ፖም ይሸትሃል።

ጥያቄ፦ አሁንም ኒው ጀርሲ ነው የሚወጣው?

ጽሕፈት ቤቱና በርሜሎቹ እዚያ ናቸው። አረቄው የሚወጣው ግን ቨርጂኒያ፣ ኖርዝ ጋርደን ነው፤ ፖሙ ከሸናንዶዋ ሸለቆ ይመጣል። ኒው ጀርሲ የነበረው የፖም እርሻ ቤት ተሠራበት።

ጥያቄ፦ በጾም ይጠጣል?

እሱን ለንስሐ አባትህ።

ጥያቄ፦ ጨንቻ ፖም አለን። ለምን እኛ አናወጣም?

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ50 በመቶ ማለት 375 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው። የፖም ጭማቂ ሲፈላ 6 በመቶ ገደማ ቢደርስ ከስድስት ሊትር በላይ ጭማቂ ይፈልጋል። ለዚያ ደግሞ አሥር ኪሎ ያህል ፖም ይጨመቃል። አዲስ አበባ አንድ ኪሎ ፖም ስንት እንደሚሸጥ አንተ ታውቃለህ። ገበሬው ፖሙን ለበላተኛ ቢሸጥ ያተርፋል። የሚያዋጣው ወድቆ የተመታውን፣ ለገበያ የማይቀርበውን ከተጠቀሙ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ከጎጃም ሊጠይቁኝ እየመጡ ነው። የትኛውን ልግዛላቸው?

«ቦትልድ ኢን ቦንድ» ያልኩትን ግዢ። በረዶ አትጨምሪበት፤ ሎሚና የሮማን ሽሮፕ እየቀላቀሉ ጃክ ሮዝ የሚሉትንም ለጓደኞችሽ ተዪው። በመለኪያ፣ ከቆሎ ጋር አቅርቢላቸው። ቀለሙን አይተው «ይኼማ ውስኪ ነው» ቢሉሽ አትከራከሪ፤ እስኪቀምሱት ጠብቂ።