ዲግሪው ሊያልቅ ጥቂት ክሬዲት ሲቀር

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ጀምረው ጫፍ ላይ ካቆሙ ሰዎች የመጡ ናቸው። አንዷ ልጅ ወለደች፣ አንዱ ሁለተኛ ሥራ ያዘ፣ ሌላው አገር ቤት የሚልከው ገንዘብ በዛበት። የቀረው ትንሽ ነው፤ የሚጠየቀው ክፍያ ግን ትንሽ አይደለም። የተወሰኑትን አሳጥሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ኡበር እነዳለሁ። ዲግሪዬን ለመጨረስ ዘጠኝ ክሬዲት ሲቀረኝ አቋረጥኩ። ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ክሬዲት የሚጠይቀው ዋጋ አይቀመስም። ክሌፕ የሚባል፣ ሲያልፉት ኮርሱን ሳይወስዱ ክሬዲት የሚያስገኝ ርካሽ ፈተና አለ ይላሉ። ያዋጣኛል?

መልስ፦ ሊያዋጣዎት ይችላል። ዋጋውን ከማየትዎ በፊት ግን የቀሩዎት ዘጠኝ ክሬዲቶች ምን ምን እንደሆኑ ይወቁ። ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ገብተው "ዲግሪ ኦዲት" የሚባለውን፣ የወሰዷቸውንና የቀሩዎትን ኮርሶች የሚዘረዝር ሰነድ ያውጡ። "ዘጠኝ ብቻ ነው የቀረኝ" የሚል ሰው ኦዲቱን ሲያወጣ ዘጠኙም የዋናው ትምህርት ክፍል የ300 እና የ400 (የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት) ኮርሶች ሆነው ያገኛቸዋል። እንደዚያ ከሆነ ክሌፕ አይረዳዎትም። ክሌፕ የሚፈትነው የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነው፤ ሶሲዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂ፣ የአሜሪካ ታሪክ፣ ኮሌጅ አልጀብራ፣ ማርኬቲንግ፣ የመሳሰሉትን። የቀረዎት ጠቅላላ ትምህርት ወይም ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ከሆነ ግን ከዚህ የረከሰ መንገድ እምብዛም አያገኙም።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ የሚባል ድርጅት ነው። ክፍያው 100 ዶላር ገደማ ነው፤ የፈተና ጣቢያው የራሱን ትንሽ ይጨምርበታል። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ይሰጣል። ብዙ ኮሌጆች 50 ላመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክሬዲት ይይዙለታል። ቢወድቁ ጂፒኤዎን አይነካም፤ ያንኑ ፈተና ለመድገም ግን ሦስት ወር መጠበቅ አለብዎት። ሞደርን ስቴትስ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ ለክሌፕ የሚያዘጋጅ ነፃ የኦንላይን ኮርስ አለው። ኮርሱን ለጨረሰ ሰው የፈተናውን ክፍያ የሚሸፍን ቫውቸርም ይሰጣል። መኪና ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቁ የሚያዳምጡት ነገር ከፈለጉ ይኸው።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች "የመጨረሻዎቹን 30 ክሬዲቶች እኛው ጋ ካልወሰድክ ዲግሪ አንሰጥም" የሚል ደንብ አላቸው። አንዳንዶቹ ክሌፕን ከዚህ ደንብ ውጭ ያደርጉታል፣ አንዳንዶቹ አያደርጉም። ስለዚህ ለአድቫይዘርዎ ኢሜይል ይጻፉ። "ክሌፕ ትቀበላላችሁ?" ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ አዎ ይሉዎታል፣ ምንም አይጠቅምዎትም። "ይህን ፈተና ባልፍ ከቀሩኝ ኮርሶች በየትኛው ምትክ ይያዝልኛል?" ይበሉ። መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በስልክ "ችግር የለም" ያለዎት ሰው በሚቀጥለው ሴሚስተር እዚያ ላይኖር ይችላል።

ከዘጠኙ መሃል የ300 ወይም የ400 ኮርስ ካለ፣ እሱን በሌላ ረከስ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በኦንላይን ወይም በክረምት (በሰመር) ወስደው ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ቅድሚያ ፈቃድ የሚሰጥበት ፎርም አለ። ዝቅ ያሉትን ኮርሶች ደግሞ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ያገኟቸዋል፤ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ደጅዎ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ እያለሁ ዲቪ ደረሰኝ። አሁን ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ እሠራለሁ። ያ ሁሉ ትምህርት ገደል ገባ ወይስ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ ገደል አልገባም እህቴ። ብዙ የአገራችን ሰዎች ከዜሮ የሚጀምሩት ማንም ስላልነገራቸው ነው፤ ይኼ ሁሌም ያናድደኛል። የተማርሽው ትምህርት ተገምግሞ ወደ አሜሪካ ክሬዲት ሊቀየር ይችላል። ሥራውን የሚሠሩት እንደ ደብሊው ኢ ኤስ እና ኢ ሲ ኢ ያሉ ገምጋሚ ድርጅቶች ናቸው።

ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ልትማሪበት ያሰብሽውን ኮሌጅ ምረጪና የየትኛውን ድርጅት ግምገማ እንደሚቀበል ጠይቂ። አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ልትከፍዪ ትችያለሽ። ከዚያ በየኮርሱ የሚዘረዝረውን ግምገማ እዘዢ። ረከስ ያለው አጠቃላይ ግምገማ "ይህን ያህል ዓመት ኮሌጅ ተምራለች" ብሎ ያበቃል፤ ለሥራ ማመልከቻ ይበቃ ይሆናል፣ ክሬዲት ለማዛወር ግን አይሆንም።

ትራንስክሪፕቱን በተመለከተ፣ እጅሽ ላይ ያለው ኮፒ አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት የለውም። ከሬጅስትራር በቀጥታ ለገምጋሚው መላክ አለበት። አዲስ አበባ ለሚኖር ዘመድ ውክልና ሰጥተሽ ብታስጨርሺ ይቀልሻል። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብሽ ቀድሞ መጠየቁ አይከፋም። የኮርሶቹ ማብራሪያም ከተገኘ ይላክልሽ፤ ኮሌጁ ያለ እሱ ብዙውን ኮርስ "ኢሌክቲቭ" ብሎ ሊመዘግብልሽ ይችላል። ኢሌክቲቭ የሆነ ክሬዲት ደግሞ ቁጥር ይሞላል እንጂ ግዴታ የሆነ ኮርስ አይቀንስልሽም።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነኝ። አማርኛ መቻሌ ክሬዲት ያስገኝልኛል የሚል ወሬ ሰማሁ። ቀልድ ነው?

መልስ፦ ቀልድ አይደለም። ክሌፕ ውስጥ ያሉት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ስፓኒሽ ብቻ ናቸው፤ እዚያ አትፈልጉት። አክትፍል የሚባለው የውጭ ቋንቋ መምህራን ማኅበር ግን በአማርኛ የንግግር ፈተና አለው። የሠለጠነ ፈታኝ በስልክ ያዋራዎታል፤ ስለ ሥራዎ ይጀምርና እየቆየ ሐሳብ ማስረዳትና መከራከር ወዳለበት ጥያቄ ይገባል። እዚህ ላይ ግማሹን በእንግሊዝኛ ማውራት የለመደ ሰው ይንገዳገዳል። ኤስ፣ ማለትም አሜሪካን ካውንስል ኦን ኤጁኬሽን፣ በዚህ ፈተና ደረጃ መሠረት ኮሌጆች ክሬዲት እንዲሰጡ ምክረ ሐሳብ ያቀርባል።

ምክረ ሐሳብ ነው ያልኩት። ኮሌጁ የመቀበል ግዴታ የለበትም። አንዳንዶቹ ለአፍ መፍቻ ቋንቋ አንሰጥም ይላሉ። የውጭ ቋንቋ ግዴታ ያለበት ዲግሪ ላይ ከሆኑ ግን መጠየቁ በጣም ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ሦስት ኮሌጅ ዞሬ ከ100 በላይ ክሬዲት አለኝ። የመጨረሻው ኮሌጅ ግማሹን አልቀበልም ብሎኛል። በወር ክፍያ የሚማሩባቸው ቦታዎች ይሻሉኛል?

መልስ፦ ኮሌጁን ቢቀይሩስ? በኒው ጀርሲ ቶማስ ኤዲሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በኮኔቲከት ቻርተር ኦክ ስቴት ኮሌጅ፣ በኒው ዮርክ ኤክሴልሲየር ዩኒቨርሲቲ አሉ። ሦስቱም በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋሙት እንደ እርስዎ ላለ ጎልማሳ ተማሪ ነው፤ ትክክለኛ እውቅና አላቸው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ክሬዲትም በብዛት ይቀበላሉ። ቻርተር ኦክ ራሱ ጋ እንዲወስዱ የሚያስገድደው የመግቢያና የማጠቃለያ ኮርስ ነው።

እንዲህ ያለ ኮሌጅ ከያዙ በኋላ፣ ሶፊያን የመሰለው በወር 100 ዶላር ገደማ የሚያስከፍል የኦንላይን ትምህርት ቦታ ትርጉም ያገኛል። በራስዎ ፍጥነት ስለሚሄዱ በአንድ ወር ሁለትና ሦስት ኮርስ የሚጨርስ አለ። እዚያም ያለው ትምህርት ባብዛኛው ዝቅተኛ ደረጃ መሆኑን አይርሱ። ደግሞ ሶፊያ ራሱ ኮሌጅ አይደለም፤ ክሬዲቱ ዋጋ የሚኖረው ተቀባይ ኮሌጅ ሲኖር ነው።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ በኤፍ-1 ቪዛ ተማሪ ነኝ። አንድ ኮርስ ብቻ ነው የቀረኝ። ርካሽ ስለሆነ ከሌላ ኮሌጅ በኦንላይን ልውሰደው?

መልስ፦ ተው! በመጨረሻው ሴሚስተር የቀረህን ብቻ መውሰድ ትችላለህ፤ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ አስቀድሞ ሲፈቅድልህ። የቀረህ አንድ ኮርስ ብቻ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ኦንላይን መሆን አይችልም። ጥቂት መቶ ዶላር ለማትረፍ ብለህ ቪዛህን አታበላሽ። ምንም ከመመዝገብህ በፊት ቢሮው ሂድ።

ጥያቄ፦ ኮሌጁ የድሮ ዕዳ አለብሽ ብሎ ትራንስክሪፕቴን ከለከለኝ።

መልስ፦ ኮሌጁ ያለበትን ስቴት ሕግ ይመልከቱ። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክን የመሳሰሉ ስቴቶች ኮሌጆች ለዕዳ ሲሉ ትራንስክሪፕት እንዳይዙ ከልክለዋል። ስቴቱ እንዲህ ያለ ሕግ ከሌለው የተማሪዎች ሒሳብ ክፍልን በየወሩ ለመክፈል ስምምነት ይጠይቁ። አንዳንድ ኮሌጅ ለመጨረስ ለሚመለስ ተማሪ ከዕዳው ይሰርዝለታል፤ ግን ካልጠየቋቸው አይነግሩዎትም።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው "የሥራ ልምድህን አይተን በሦስት ሳምንት ዲግሪ እንሰጥሃለን፣ 1,500 ዶላር" አለኝ።

መልስ፦ ገንዘብዎን ይዘው ይሩጡ።

የሥራ ልምድን ወደ ክሬዲት የሚቀይሩ እውነተኛ ኮሌጆች አሉ። እነሱ ግን ልምድዎ ከየትኛው ኮርስ ጋር እንደሚመጣጠን በጽሑፍና በማስረጃ ያስረዱ ይሉዎታል፤ መምህር ይገመግመዋል። ሙሉ ዲግሪ በልምድ ብቻ አይሰጡም። የትኛውንም ኮሌጅ እውቅና በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማጣራት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች፤ አራት ኮርስ ቀርቷታል። እኔ ታክሲ ነው የምነዳው። ከኪሳችን ሳይወጣ የሚሆን ነገር አለ?

መልስ፦ መጀመሪያ የሥራ ቦታዋን። ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኛ ትምህርት ይከፍላሉ፤ ቀጣሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ቢከፍልላት ታክስ አይቆረጥባትም። (ስታርባክስ የሚሠራ ልጅ ቤት ውስጥ ካላችሁ፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ባለው ስምምነት የመጀመሪያ ዲግሪውን በኦንላይን ያለ ክፍያ መማር ይችላል።) ቀጥሎ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ትሙላ። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላት ከሆነች፣ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነና የመጀመሪያ ዲግሪ ከሌላት ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የመንግሥት ድጋፍ ልታገኝ ትችላለች። ፔል በዕድሜ ልክ ከ12 ሴሚስተር በላይ አይሰጥም፤ ድሮ ስንቱን እንደተጠቀመች ታጣራ። ከኪሳችሁ የወጣ ካለ ደግሞ ታክስ ሲሠራ ላይፍታይም ለርኒንግ ክሬዲት የሚባለውን የታክስ ቅናሽ ለአካውንታንቱ አንሱለት። ከከፈላችሁት 20 በመቶ፣ እስከ 2,000 ዶላር፣ ከታክሳችሁ ሊቀንስ ይችላል፤ ለአንድ ኮርስ እንኳ ይሠራል።

የሆስፒታሉን ፎርም ግን ከመመዝገቧ በፊት ታስፈርም። ብዙ ቀጣሪዎች ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ የመጣ ጥያቄ አይቀበሉም።